ሕግ ከመማራችን በፊት የት እንዋል?



አባቶቻችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላሉ። ይህ ምሳሌ የሚነገረው አንድን ነገር በሌለበት ቦታ ለሚፈልግ ሰው ነው። እኔም ለዘንድሮው መጽሔታችን ለመጻፍ ስነሣ ይህን ምሳሌ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሕግ ለማጥናት የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። «ስለ ምን ሕግን መረጣችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን አንዱ «አንተ ተናጋሪ ነህ» ስላሉት፣ ሌላው በፊልም ያየው ጠበቃ ስለ ማረከው፣ ሌላዋም አባቷ ስለ ፈለጉት እንደ ሆነ ይናገራሉ። ከመካከላችን ችሎት ገብቶ የተቀመጠ፣ የተከራካሪን ፊት ያየ፣ አንድ የፍርድ ግልባጭ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ሰው ይገኛል? እኔ ራሴ እስካለፈው ክረምት ድረስ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሁም ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ሕግ ለመማር የሚያስብ ወጣት ወደ ትምህርቱ ከመግባቱ በፊት የሥራ ልምምድ የሚያደርግበትን ስፍራ ሲመርጥ፣ የቢሮውን ስም ሳይሆን ባለጉዳዩ የሚቆምበትን ቦታ መምረጥ ይገባዋል የሚል ነው።

ይህ ሐሳብ በመጀመሪያ የመጣብኝ ከሩቅ አገር ነው። የአክስቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ ሲሆን አሁን የኮሌጅ ተማሪ ናት። በዚያ አገር የሕግ ትምህርት አሰጣጥ ከእኛ የተለየ ነው። ተማሪው አስቀድሞ በፈለገው የትምህርት ዓይነት፣ በታሪክም ይሁን በሒሳብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት የሚፈጀውን የመጀመሪያ ዲግሪ ይጨርሳል፤ ከዚያም አመልክቶ የተቀበሉት እንደ ሆነ ሦስት ዓመት ሕግ ይማራል። የአገሩ የጠበቆች ማኅበርም «ለሕግ የሚያዘጋጀው ይህ ትምህርት ነው» ብሎ አንዱን መስክ ለይቶ አያዝዝም። ስለዚህ ተማሪው ከሕግ ትምህርት ቤት በር ከመድረሱ በፊት ሦስት ያህል ረጃጅም የዕረፍት ጊዜያት ያገኛል፤ በእነዚያም ወራት በልዩ ልዩ ቦታ እየሠራ ራሱን ይፈትናል። ይህንኑ የሥራ ልምምድ ኢንተርንሺፕ ይሉታል፤ ቃሉም ዛሬ በእኛ አገር የተለመደ ሆኗል።

ለአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ሁለት በር ተከፈተላት። አንደኛው በመሐል ከተማ በመስተዋት ፎቅ ላይ የሚገኝ፣ ብዙ ጠበቆች ያሉት ታላቅ የሕግ ቢሮ ነበረ፤ ደመወዝም ይከፍላል። ሁለተኛው ለድኾች ያለ ዋጋ የሕግ ምክር የሚሰጥ ትንሽ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ሥራው ፎርም መሙላትና እንግሊዝኛ ለማይችሉ ኢትዮጵያውያን ባለጉዳዮች ማስተርጐም ነበረ፤ ክፍያ የለውም። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በሚገባ የማይችሉ ነዋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ነገር ግን ሕግ ስላዘዘ ብቻ አስተርጓሚ ከሰማይ አይወርድም። ከአከራዩ የመጣበትን የማስለቀቂያ ወረቀት ይዞ የሚንከራተተውን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል።

አክስቴ፣ «ልጄ፣ ትልቁን ስም ያዢ፤ ነገ ስታመለክቺ የሚታየው እርሱ ነው» ብለው መከሯት። አባቴ ደግሞ በስልክ፣ «ከሁለቱ ቦታ ውለሽ ማታ ስትመለሺ ምን ዐውቀሽ ትመጫለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። እርሷም በትልቁ ቢሮ ፋይል እንደምታስተካክል፣ ወረቀት በማሽን እንደምታነሣ፣ አልፎ አልፎም በስብሰባ ላይ ተቀምጣ እንደምታዳምጥ ነገረቻቸው። አባቴም «እንግዲያውስ በአንዱ ቤት ወረቀት ታያለሽ፤ በሁለተኛው ቤት ሰው ታያለሽ» አሏት። እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ጊዜ አክስቴ ትክክል ናቸው ብዬ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው ያሳለፍሁት የሐምሌ ወር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የእኛን አገር ሁኔታ እንመልከት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱም አምስት ዓመት ይፈጃል። እኛ ወደዚህ ትምህርት የምንገባው እንደ አሜሪካኖቹ ሌላ ዲግሪ ጨርሰን ሳይሆን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥተን ብዙም ሳንቆይ ነው። እርግጥ በሕግ ትምህርት ቤትም የተግባር ልምምድ አለ፤ ነገር ግን እርሱ የሚመጣው ወደ ትምህርቱ መጨረሻ ገደማ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ተመርጧል፤ ዓመታቱም ሄደዋል። «ይህ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ለመመለስ እጅግ ይቸግራል። እንግዲህ ለአሜሪካዊው ተማሪ ሦስት የመፈተኛ ክረምት ሲኖረው፣ ለእኛ ያለን ከ11ኛ ክፍል በኋላ የምናገኘው አንድ ክረምት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አመራረጡን ማወቅ አለበት።

እኔ ይህን ክረምት ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። አባቴ የሚያውቋቸው አንድ ጠበቃ በቢሯቸው ልምምድ እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። ቢሮው ንጹሕ፣ ሰዎቹም ትሑታን ናቸው፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት በፎቶ ኮፒ አባዛሁ፤ ፋይል በቀን ቅደም ተከተል ደረደርሁ። በቤታችን የኔ ዝና ከፍ አለ፤ ጎረቤቶች እንኳ «ጠበቃዋ» ይሉኝ ጀመር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አንድም ባለጉዳይ ፊት ለፊት አላነጋገርሁም። ስሞቹን ዐውቃቸዋለሁ፤ ሰዎቹን አላውቃቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አንድ ፖስታ ይዤ ወደ ፍርድ ቤት ተላክሁ። ፖስታውን አድርሼ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና ከግቢው አጥር ውጭ በላስቲክ ከተጋረደ መጠለያ ሥር ገባሁ። በዚያ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ ይመስለኛል። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ዝናቡ እስኪያባራ እንድቀመጥ በርጩማ ሰጡኝ። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት፣ ነጠላቸው ረጥቦ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ።

ጋሼ መነጽራቸውን ሲወለውሉ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን አንብቢልኝ» አሉኝ።

ወረቀቱ የፍርድ ግልባጭ ነበረ፤ ነገሩም የቤት ውርስ ክርክር ነው። ሚያዝያ 20 ቀን ይላል። ያ ቀን ደግሞ ሐምሌ 8 ነበረ። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሰባ ስምንት ቀን ሆነ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እማማ፣ ይግባኝ ማለት የሚቻለው በስድሳ ቀን ውስጥ ነበር። ስድሳው አልፏል» አሏቸው።

«ምኑ ነው ያለፈው?» አሉ እናቲቱ። «ወረቀቱ እንደ ሆነ ይኸው አለ። ከፍርድ ቤት የመጣ ነው ብዬ ከሣጥኔ ውስጥ በደኅና ነው ያስቀመጥሁት። የሚያነብልኝ ሰው የለም፤ ልጄ ያለችው ዐረብ አገር ነው። ስትመጣ ታየዋለች ብዬ ነው።»

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። በቂ ምክንያት ኖሮት ጊዜው ላለፈበት ሰው ማስፈቀጃ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ አንቀጽም አለው። ጋሼ ይህን ያውቁ ነበርና «በሩ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም እንሞክር» ብለው ጻፉላቸው። እናቲቱም ሲነሡ፣ «መረታቴስ ይሁን፤ የሚቆጨኝ ሳልሰማ መረታቴ ነው» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚሉት ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ። የጉዳያቸውን መጨረሻ አላየሁም።

እኔ በዚያው ሳምንት ያበዛሁትና የደረደርሁት ወረቀት ሁሉ በራሱ ላይ ቀን ነበረው። ቀኑን የማየው ፋይሉን ለማስተካከል ብቻ ነው። አንዲት ቀን የአንድ ሰው ቤት ልትሆን እንደምትችል ግን አልገመትሁም። ወደ ጠበቃው ቢሮ ተመልሼ ይህን ብነግራቸው እርሳቸውም አልተቈጡኝም፤ እንዲያውም «ሂጂ፤ እኔም የጀመርሁት ከዚያ አካባቢ ነው» ብለው አሰናበቱኝ። የቀረውን የሐምሌ ወር እኩሌታውን ከጋሼ ዘንድ የማይነበበውን እያነበብሁ፣ እኩሌታውንም በችሎት እየተቀመጥሁ አሳለፍሁ።

ስለ ችሎት ጥቂት ልናገር። ብዙ ተማሪዎች ወደ ፍርድ ቤት ለመግባት ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት እንዲሰማ መብት ይሰጠዋል። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በዝግ የሚታዩ ጉዳዮች ቢኖሩም፣ የቀረው ለእኔም ለአንተም የተከፈተ ነው። ስልክን ዘግቶ፣ ልብስን አስተካክሎ፣ ዳኞች ሲገቡ ተነሥቶ በጸጥታ መቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በዚያም ያየሁት በፊልም ካየሁት ጋር አይገናኝም። አንደበተ ርቱዕ ንግግር የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሰማሁት «ቀጠሮ» የሚል ቃል ነው። ምስክር አልቀረበም፤ ቀጠሮ። መዝገቡ አልተሟላም፤ ቀጠሮ። አንድ ቀን ተከሳሹ አማርኛ የማይሰማ ሆኖ አስተርጓሚ እስኪመጣ ሁላችን ጠበቅን። ያው አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዝዛልና። አስተርጓሚው መጥቶ የክሱን ቃል በቋንቋው በነገረው ጊዜ ተከሳሹ ቀና አለ። እስከዚያ ድረስ ስለ እርሱ የሚነገረውን አንዱንም እንዳልሰማ ያወቅሁት ፊቱ ሲለወጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ስለ ትንሹ ጽሕፈት ቤት የነገረችን ሁሉ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አገሩና ቋንቋው ይለያያል እንጂ የሰውየው መቆም አንድ ነው።

አንዲት የክፍል ጓደኛዬም ሦስት ቀን አብራኝ መጥታ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን «እኔ ይህን ሥራ ዕድሜ ልኬን መሥራት አልችልም፤ ጤና ይሻለኛል» ብላ ቀረች። አንዳንዶች ሣቁባት። እኔ ግን ከሁላችን የበለጠ ያተረፈች እርሷ ናት እላለሁ፤ ሌላው በአምስት ዓመት የሚያውቀውን እርሷ በሦስት ቀን ዐውቃለችና።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ቃላቸውም ሊናቅ አይገባም። አንደኛዎቹ «ትልቅ ቢሮ ውስጥ የዋለ ተማሪ ሥርዓት ይማራል፤ ጥሩ የምስክር ወረቀትም ያገኛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኔም ፋይል አያያዝን የተማርሁት በዚያ አንድ ሳምንት ነው፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ! ነገር ግን ሥርዓቱን በኋላ ማንም ያስተምረናል። ሥርዓቱ ለማን እንደ ተሠራ የሚያስተምረን ግን ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ስለ ምስክር ወረቀቱም ቢሆን፣ «በዚህ ታላቅ ቢሮ ነበርሁ» ከሚል ሰው ይልቅ «ይህን ሠራሁ፤ ይህንም ተረዳሁ» የሚል ሰው የሚናገረው ነገር አለው።

ሁለተኛዎቹ ስለ ገንዘብ ያነሣሉ። ይህ ከባድ ነገር ነው። ክረምቱን ሠርቶ ቤተሰቡን የሚረዳ ተማሪ አለ፤ ደመወዝ ያለውን ሥራ መረጥህ ብሎ እርሱን የሚወቅስ ቃል ከእኔ አይወጣም። የአክስቴ ልጅም ያለ ክፍያ መሥራት የቻለችው በእናቷ ቤት ስለምትኖርና ቅዳሜና እሑድ በሱቅ ስለምትሠራ ነው። ይሁን እንጂ በሳምንት አንድ ጧት በችሎት መቀመጥ ከታክሲ ሒሳብ በቀር የሚያስወጣው የለም።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ልጆች የሰው ምሥጢር እየሰሙ ሊያወሩ፣ ሳያውቁም ሊመክሩና ሊያሳስቱ ይችላሉ» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ጋሼም በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ይህንኑ ነበር፤ «ታነቢያለሽ እንጂ አትመክሪም፤ የሰማሽውንም እዚሁ ትተሽ ትሄጃለሽ።» እኔም እዚህ የጻፍሁት ስለ እናቲቱ ማንነት ምንም የሚገልጥ እንዳይሆን ተጠንቅቄያለሁ።

ትንሽ ስፍራ ትንሽ ሥራ ብቻ ይሠራበታል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ አንድ የታወቀ ምሳሌ ላቅርብ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ሥራው አቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ዋጋ የሕግ ድጋፍ መስጠት ነበረ። በዚያው ዘመን በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። ማኅበሩም ጠበቃ አቁሞላት፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ያገባ እንደ ሆነ ከቅጣት የሚድንበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ግን ብዙ ሰዎች ከታገሉ በኋላ ይህ ቀዳዳ ተደፈነ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ባለጉዳይ ከሚያለቅስበት ክፍል የተነሣ መንገድ እስከ ከፍተኛው ወንበር ሊያደርስ እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው። ቢያደርስም ባያደርስም ግን ሥራው በራሱ ክብር አለው።

እንግዲህ ለ11ኛ ክፍል ወንድሞቼና እኅቶቼ የምመክረው ይህ ነው። ሐምሌን አታሳልፉ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ለዕረፍት ስለሚዘጉና ተረኛ ችሎት ብቻ ስለሚቀር፣ «ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ» ያለ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው። አንድ ጉዳይ ምረጡና ቀጠሮውን ተከትላችሁ ተመላለሱ። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት በአጠገባችሁ ቢኖሩ ሄዳችሁ ወረፋ በማስያዝና ፎርም በማንበብ እንድትረዱ ጠይቁ። ሲመሽም በደብተራችሁ «ዛሬ ማንን አየሁ?» ብላችሁ ጻፉ። «ምን ቢሮ ዋልሁ?» ብላችሁ አትጻፉ።

ለክቡር ዲሬክተራችንና ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ፣ ሕግ ለመማር ለሚያስቡ ተማሪዎች የትብብር ደብዳቤ ጽፎ ከአንድ ጠበቃ፣ ከአንድ የሕግ ድጋፍ ማዕከልና ከአንድ ችሎት ጋር ለሁለት ሳምንት ቢያገናኛቸው ትልቅ ወጪ የለውም። ዘመድ ጠበቃ ያለው ተማሪ ብቻ ዕድሉን እንዳያገኝ ያደርጋል። እኔ ያገኘሁት አባቴ ሰው ስለሚያውቁ ነው፤ ይህም ፍትሕ እንዳይደለ ሕግ ሳልማር እንኳ ይገባኛል።

የአክስቴ ልጅ ትንሹን ጽሕፈት ቤት መረጠች። አክስቴም ለጊዜው አኵርፈው ነበር፤ በኋላ ግን በቤተ ክርስቲያን አንዲት የማያውቋቸው ሴት ጠጋ ብለው «ልጅዎ ወረቀቴን ያነበበችልኝ ናት» ቢሏቸው ኩርፊያው ቀረ። እኔም ፈተናዬን በደኅና ካለፍሁ ሕግ እማራለሁ፤ ያሰብሁት ከአምናው ይልቅ አሁን ጸንቷል። መማሬ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖርም መልሴ አጭር ነው። ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስድሳ ቀን እንዳያልፍበት ነው።